የቅዳሜ መብራት

ከሰኞ እስከ ዓርብ ደህና ናት። በአንድ ቁልፍ ትነሳለች፣
የፍኖተ ሰላምን ኮብልስቶን እያጉረመረመች ትወጣለች።
ቅዳሜ ግን ከማንኩሳ ስመለስ፣ ድልድዩን አልፌ ዳገቱን ስጀምር፣
ያቺ ቢጫ መብራት ከች! ያለ ጭስ፣ ያለ ሽታ፣ ያለ ነገር።
ጭራ የሌላት ዔሊ ትመስላለች፤ ከነዳጁ ቀስት አጠገብ፣
ዝም ብላ ታየኛለች፣ እንዳበደረኝ ጎረቤት፣ ሳትጮህ፣ ሳትሳደብ።

ሰኞ ጠዋት የለችም። ረቡዕ የለችም። ሐሙስም የለችም።
ሰው ጠርቼ ላሳይ ብል፣ ሚስቴ እንኳ «ዓይንህን ታየው» እንጂ ሌላ አላለችም።

ፈንቴ ካንዴላ ቀየረ፤ አራቱንም፣ አዲስ፣ በእጄ ገዝቼ።
ሙሉሰው ፊልትሮ አለ፤ ከፈልኩት፣ ለልጆች ደብተር ያልኩትን ፈትቼ።
ከደብረ ማርቆስ የመጣው ልጅ፣ ይስማው፣ ከመሪው ሥር ትንሽ ሣጥን ሰካ፣
«ፒ ዜሮ አንድ ሦስት ስድስት» ብሎ አነበበና ፊቱ ፈካ።
«የኋለኛው ኦክስጅን ሴንሰር ሞቷል፤ ቀይረው፣ ትገላገላለህ።»
ከመርካቶ በአውቶብስ አስመጣሁ። ያገለገለ ነው፤ «እንደ አዲስ ቁጠረው» ሲሉህ ምን ታደርጋለህ?
አምስት ቀን ሰላም። ቅዳሜ፣ ድልድዩ፣ ዳገቱ፣ ከች!
አማቴ እትዬ ጥሩዘር ከኋላ ወንበር «ደግሞ ምን አየህ?» አለች።

«አምፖሏን ልንቀላት?» አለ ፈንቴ፤ «ካላየኻት አታምህም።»
እውነት ለመናገር አንድ ሌሊት አሰብኩት። ለምን እንደተውኩት አላውቅም።

ጋሽ አንለይ ጋራዥ የለውም። አንድ ባሕር ዛፍ፣ አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ክሪክ አለው።
በልጅነቱ ቅኔ ሊማር ወጥቶ፣ ከመንገድ የጭነት መኪና አስቀረው።
ቁጥሯን ነገርኩት። ሳቀ። «እሱ ግሱ ነው፤ አገባቡን ማን ነገረህ?
መቼ መቼ ትበራለች? ከየት ስትመጣ? ምን ጭነህ?»
ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀኝ። አሰብኩ። ቅዳሜ... አማቴን፣
አንድ ኩንታል ተኩል በቆሎዋን፣ ደግሞ መንገድ ላይ ካገኘኋት አክስቴን።
«እንግዲያው ጫን!» አለ። «ባዶ መኪና ምን ይናገራል?»
የሰፈሩን ጎረምሶች ከኋላ አስቀመጠ፤ አራት፤ አምስተኛው «እኔም» ብሎ ይጋፋል።
ወገቧ ሲጎብጥ፣ ካርቶን አንጥፎ በጀርባው ገባ ከሥሯ፣
ባትሪ አበራ። ዝም አለ። ከዚያ ሳል። ከዚያ፣ «ና እይ፣ ይኸውልህ ነገሯ።»

ተንበርክኬ አየሁ። የጭስ ማውጫው ማንጠልጠያ ጎማ የለም፤ በቦታው ሽቦ፣
የዛገ፣ እንደ ነዶ የታሰረ፣ ቱቦውን ሦስት ጊዜ ከቦ።
ጭነት ሲበዛ ቱቦው ይንጋደዳል፣ ሽቦው የሴንሰሯን ገመድ ይጎትታል፤
ዳገት ላይ ከጋለው ብረት ያስነካዋል፤ ላስቲኩ ቀልጦ መዳቡ ይታያል።
«ይህን» አለ ጋሽ አንለይ፣ «የየትኛው ደንቆሮ እጅ ነው ያሰረው?»
ዝም አልኩ። ቋጠሮውን ዐውቀዋለሁ፤ ወደ ግራ ነው የዞረው።

ግራኝ ነኝ። ከሦስት ክረምት በፊት፣ ጂጋ አጠገብ፣ ዝናብ ላይ፣
ከሰው አጥር መዝዤ፣ «እስከ ቤት ካደረሰኝ ይበቃል» ያልኩት፣ ዳግም ሥሯን ሳላይ።
ፈንቴን ሳማ፣ ይስማውን ሳማ፣ የመርካቶውን ነጋዴ ስረግም፣
እሷ ቅዳሜ ቅዳሜ ስሜን ትጠራ ነበር፤ እኔ ግን አልሰማም።

ጎማ ገባ፣ ገመዱ ተጠቀለለ፤ ሦስት መቶ ብር ከነምክሩ።
ሽቦውን አጣጥፎ መዳፌ ላይ አኖረ፤ ጎረምሶቹ እየሳቁ በረሩ።

አሁን ቅዳሜ ነው። ድልድዩን አለፍን። ዳገቱ ተጀመረ።
ዔሊዋ የለችም። ቦታዋ ጥቁር ነው፤ ዓይኔ ግን እዚያው ቀረ።
«መንገዱን እይ እንጂ!» ትላለች አማቴ፣ ኩንታሏን ተደግፋ፤
ኮረኮንች በነካን ቁጥር ያቺ ሽቦ ትንኳኳለች፣ በሲጋራ መተርኮሻው ውስጥ ታጥፋ።